ለነርስ ተማሪዎች መድኃኒት ማዘጋጀትን ስናስተምር ቫያሉ ላይ እንቆይ

ማንኛውንም ነርስ ተማሪ «መድኃኒት ሲሰጥ የሚረጋገጡት አምስቱ ራይቶች ምን ምን ናቸው?» ብላችሁ ብትጠይቁት ትክክለኛ ታካሚ፣ ትክክለኛ መድኃኒት፣ ትክክለኛ መጠን፣ ትክክለኛ መንገድ፣ ትክክለኛ ሰዓት ብሎ በአንድ ትንፋሽ ይዘረግፍላችኋል። ለዚያው ተማሪ የ500 ሚሊ ግራም አምፒሲሊን ቫያል (በላስቲክ የተደፈነ፣ የአንቲባዮቲክ ዱቄት የያዘ ብልቃጥ)፣ ሲሪንጅና የመርፌ ውሃ ሰጥታችሁ «3 ኪሎ ለሚመዝን ጨቅላ 150 ሚሊ ግራም አዘጋጅ» በሉት። ጉዱ የሚታየው ያኔ ነው። የስኪል ላብ (የተግባር መለማመጃ ክፍል) ሰዓታችን ጥቂት ስለሆነ፣ ከሽምደዳው ቀንሰን ለቫያሉ ብንሰጠው ይሻላል ባይ ነኝ።

አብዛኛው ተማሪ 2.5 ሚሊ ሊትር ውሃ ጨምሮ «500 በ2.5፣ ስለዚህ 150 ሚሊ ግራም 0.75 ሚሊ ሊትር ነው» ይላል። ስሌቱ ላይ ምንም ስህተት የለም፤ ችግሩ መነሻው ላይ ነው። ዱቄቱ ሲሟሟ ራሱ ቦታ ይይዛል፣ ወደ 0.4 ሚሊ ሊትር። ድምሩ 2.5 እንዲሆን የሚጨመረው ውሃ 2.1 ነው። 2.5 የጨመረው ተማሪ አሁን በእጁ ያለው 2.9 ገደማ ስለሆነ፣ በ0.75 ውስጥ ለሕፃኑ የሚደርሰው 129 ሚሊ ግራም ብቻ ነው። ሙሉውን ቫያል ለሚወስድ አዋቂ ልዩነት አያመጣም፤ ሴፕሲስ (መላ ሰውነትን የሚያናጋ ከባድ ኢንፌክሽን) ለያዘው ጨቅላ ግን በእያንዳንዱ ዶዝ 14 በመቶ ያህል ይጎድልበታል። ይህን ሰሌዳ ላይ ከመጻፍ ይልቅ ተማሪው ያሟሟውን በሙሉ በባለ 5 ሲሲ (5 ሚሊ ሊትር) ሲሪንጅ መልሶ ይሳበውና መስመሩን በዓይኑ ያንብብ። ዱቄቱ የሚይዘው ቦታ በመድኃኒቱና በአምራቹ ስለሚለያይ፣ ካርቶኑ ውስጥ ያለችውን ወረቀት ማንበብም የልምምዱ አካል ይሁን።

ከአምፒሲሊን ጋር የሚታዘዘው ሌላው አንቲባዮቲክ፣ ጄንታማይሲን፣ ችግሩ ተቃራኒ ነው። 80 ሚሊ ግራሙ በ2 ሚሊ ሊትር ብቻ ታሽጎ ይመጣል። ለዚያው ሕፃን በኪሎ 5 ሚሊ ግራም ሲታሰብ 15 ሚሊ ግራም ወይም 0.375 ሚሊ ሊትር ይሆናል፤ ይህን ደግሞ በተለመደው ሲሪንጅ ላይ በትክክል ማንበብ አይቻልም። በ2 ሚሊ ሊትሩ ላይ 6 ሚሊ ሊትር የመርፌ ውሃ ሲጨመር እያንዳንዱ ሚሊ ሊትር 10 ሚሊ ግራም ይይዛል፣ የሕፃኑም ድርሻ 1.5 ሚሊ ሊትር ይሆናል። አደጋው የተቀጠነው ሳይጻፍበት ትሪ ላይ ሲቀመጥ ነው፤ ቀጥሎ የሚያነሳው ሰው በሚሊ ሊትር 40 ሚሊ ግራም ነው ወይስ 10፣ በምን ያውቃል? ያልተጻፈበት ሲሪንጅ ይጣላል፣ ክርክር የለውም። ሁለቱን መድኃኒቶች በአንድ ሲሪንጅ መቀላቀልም አይቻልም፤ የፔኒሲሊን ወገኖች ጄንታማይሲንን ያከሽፉታል።

አሁን ወደ ንጽሕናው። የቫያሉ ክዳን ሲነሳ ከሥር ያለው ላስቲክ ስቴራይል (ከጀርም ነጻ) ነው የሚል የተሳሳተ እምነት በተማሪው ብቻ ሳይሆን በብዙ ነባር ነርስም ዘንድ አለ። ላስቲኩ በ70 በመቶ አልኮል ታሽቶ እስኪደርቅ ይጠበቃል፤ እርጥብ እያለ መውጋት የአልኮሉን ሥራ ማቋረጥ ነው። በየትሮሊው ላይ የምናውቃት፣ በአልኮል የተዘፈዘፈ ጥጥ የሞላባት ጣሳ ደግሞ በየጊዜው እጅ ስለሚገባባት ራሷ የጀርም መናኸሪያ ትሆናለች። ጥጡ በደረቁ ይቀመጥና በሚፈለግበት ሰዓት አልኮል ይፈስስበት። ደጋግሞ ለመሳብ እንዲያመች መርፌን ላስቲኩ ላይ ሰክቶ መተውም በር ከፍቶ እንደመሄድ ነው። ጓንትን በተመለከተ፣ ተማሪው አንዴ ካጠለቀ በኋላ ቻርት፣ አልጋና ስልክ ሲነካ ልብ በሉ። እንዲህ የነካካ ጓንት የሚጠብቀው እሱን እንጂ ታካሚውን አይደለም። እጅ በአልኮል ከ20 እስከ 30 ሰከንድ፣ በውሃና በሳሙና ከ40 እስከ 60 ሰከንድ ይፈልጋል፤ ሰዓት ይዛችሁ አስቆጥሯቸው።

በውጭ አገር መማሪያ መጻሕፍት የማታገኙት የእኛ አገር ጣጣ ደግሞ አለ፦ ሰዓትና ቀን። በሜዲኬሽን ሺት (የመድኃኒት መስጫ ቅጽ) ላይ «6» ብቻ ተብሎ የተጻፈ ነገር እኩለ ቀን ነው፣ እኩለ ሌሊት ነው ወይስ የፈረንጅ 6፣ ማለትም በእኛ ማለዳ 12 ሰዓት? የአዳር ተረኛው ማለዳ የሰጠውን ጄንታማይሲን የቀኑ ተረኛ «ቀን 6 ሰዓት» ብሎ ከተረዳው፣ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጠው መድኃኒት በስድስት ሰዓት ልዩነት ይደገማል። መዘዙ ደግሞ ኩላሊትና ጆሮ ላይ ነው። ኢንሱሊንም እንዲሁ። ከተከፈተ በኋላ የሚያገለግለው በአብዛኛው 28 ቀን ነው፤ ብልቃጡ ላይ «5/3» ብቻ ካለ ግን ኅዳር 5 ይሁን ማርች 5 አይታወቅም፣ የማብቂያ ቀኑ በፈረንጅ ስለታተመ ይበልጥ ያምታታል። የወሩን ስም በፊደል ማጻፍ፣ ከሰዓቱ አጠገብም ጠዋት፣ ቀን፣ ማታ ወይም ሌሊት የሚል ቃል ማስጨመር ይህን ይፈታዋል።

የታካሚውን ማንነት ስታለማምዱም «ወይዘሮ አልማዝ ነዎት?» የሚለውን ጥያቄ አስጥሏቸው። የደከመች እናት ለማንኛውም ስም «አቤት» ልትል ትችላለች። «ስምዎን ከነአባትዎ፣ ከነአያትዎ ይንገሩኝ» ተብሎ መልሱ ከካርድ ቁጥሩና ከሕፃኑ የእጅ መታወቂያ ጋር ይመሳከራል። የአልጋ ቁጥር መለያ አይደለም፤ ከራውንድ (ከሐኪሞች ጉብኝት) በኋላ አልጋ ይቀየራል። ጨቅላ ሕፃናት ገና ስም ስለማይወጣላቸው «የእገሊት ልጅ» እየተባሉ ነው የሚመዘገቡት፤ መንታ ከሆኑ ሺቱም፣ ሲሪንጁም፣ የእጅ መታወቂያውም ላይ «መንታ 1» እና «መንታ 2» መባል አለበት፤ ክብደታቸው ስለሚለያይ የአንዱ ዶዝ ለሌላው አይሆንም።