ሲዲ ካላችሁ ኤምፒስሪ ለምኔ

ጎንደር ፒያሳ ወርዳችሁ ዘፈን በፍላሽ ስታስጭኑ የሚሰጧችሁ አብዛኛውን ጊዜ ኤምፒስሪ ነው፤ ያውም ስንት ጊዜ እንደተጨመቀ እግዜር ይወቀው። ቤት ኦሪጅናል ሲዲ ካለ ለምን? ራሳችሁ ወደ ኮምፒውተር ገልብጡት።

ሲዲ ላይ ድምፁ በሰከንድ 44,100 ናሙና (የድምፁ ልኬት)፣ እያንዳንዱ በ16 ቢት ነው ያለው። ፍላክ (FLAC) የሚባለው የድምፅ ፋይል ዓይነት ምንም ሳይጥል መጠኑን ወደ ግማሽ ገደማ ያወርደዋል። ኤምፒስሪ ግን ጆሮ አይለየውም ያለውን ቆርጦ ይጥላል፤ በኋላ ወደ ፍላክ ብትቀይሩትም የተጣለው አይመለስም።

እኔ ለመገልበጥ ኤግዛክት ኦዲዮ ኮፒ (Exact Audio Copy) የሚባለውን ፕሮግራም እጠቀማለሁ። ነጻ ነው፣ ዊንዶውስ ላይ ይሠራል። የተጫረ ሲዲ ላይ ደጋግሞ ስለሚያነብ ቀርፋፋነቱ ያናድዳል፣ ግን ያልተነበበው የቱ ጋ እንደሆነ ይነግራችኋል። ሲዲውን ከመሃል ወደ ጠርዝ ጥረጉት እንጂ ዙሪያውን አትሹት። መብራት ሊሄድ ስለሚችል ላፕቶፑ ቻርጅ ይኑረው። የዘፈኖቹን ስም ደግሞ ራሳችሁ በአማርኛ ጻፉ፤ ኢንተርኔት የሚያመጣው ብዙ ጊዜ በላቲን ፊደል የተዘበራረቀ ነው።