የይለፍ ቃሉን ማን አጠፋው?

ኮምፒውተሩን ወደ ጥገና ክፍላችን ሲያመጡት ያሉት ቃል ይኸው ነበር፦ "አዲስ ዊንዶውስ ከተጫነበት ወዲህ አመለኛ ሆነብኝ።" ባለቤቱ ጡረታ የወጡ የሒሳብ ሰው ናቸው። የዴስክቶፑን ያረጀ ሃርድ ዲስክ ሌላ ቦታ ወስደው በኤስኤስዲ (ፈጣን በሆነው አዲስ ዓይነት ዲስክ) አስቀይረው፣ በዚያው ዊንዶውስ 10 አስጭነውበታል። ማታ ቤታቸው ሲከፍቱት ፍጥነቱ ሌላ ሆነላቸው። ጠዋት ግን ሰማያዊ ስክሪን ጠበቃቸው፤ ከሥሩ "ኢንአክሰሰብል ቡት ዲቫይስ" የሚል ጽሑፍ አለ። ዊንዶውስ እኔ ያለሁበትን ዲስክ ማግኘት አቃተኝ እያለ ነው።

የተቀበላቸው ባልደረባዬ ነው። ወጣት ነው፣ እጁ ፈጣን፣ ባዮስ (ማዘርቦርዱ ላይ ያለው፣ ከዊንዶውስ በፊት የሚነሣው ፕሮግራም) ውስጥ ገብቶ መፈተሽ የማይሰለቸው። ገብቶ ሲያይ የሳታ ሞዱ፣ ማለትም የዲስክ መገናኛው ቅንብር፣ አይዲኢ ላይ ተቀምጧል። ምን እንደተፈጠረ ወዲያው ገባው። ማዘርቦርዱ ከዲስክ ጋር የሚነጋገርባቸው ሁለት መንገዶች አሉት። አይዲኢ የድሮው ነው፤ ትእዛዝ የሚያቀብለው አንድ በአንድ ነው። ኤኤችሲአይ ደግሞ እስከ 32 ትእዛዝ ድረስ አሰልፎ ስለሚይዝ ለኤስኤስዲ የሚመረጠው እሱ ነው። ዊንዶውስ ሲነሳ መጀመሪያ የሚጠራው ሲጫን ያገኘውን መንገድ ድራይቨር (በዚያ መንገድ ከዲስኩ ጋር የሚያግባባውን ፕሮግራም) ነው፤ መንገዱ በማግስቱ ከተቀየረበት ዲስኩ እዚያው ተሰክቶ እያለ አያየውም። ኤስኤስዲውን የገጠመው ባለሙያ ሞዱን ወደ ኤኤችሲአይ ቀይሮ ነው የጫነው። ትክክል ሠርቷል። አሁን ግን ሞዱ ወደ አይዲኢ ተመልሷል።

ባልደረባዬ ወደ ኤኤችሲአይ መለሰው፣ ሴቭ አድርጎ ወጣ፣ ዊንዶውሱ ተነሣ። ብሮውዘር ሲከፍት ግን እያንዳንዱ ድረ ገጽ "ግንኙነትዎ ደህንነቱ የተጠበቀ አይደለም" እያለ መለሰው። ከታች በቀኝ ጥግ ያለው ቀን በፈረንጆች አቆጣጠር 2012 ይላል። የድረ ገጾቹ የደህንነት ሰርተፊኬት ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ድረስ የሚል የጊዜ ገደብ አለው፤ 2012 ላይ ነኝ ብሎ ለሚያስብ ኮምፒውተር ዛሬ የሚሠራው ሰርተፊኬት ገና ያልተወለደ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ "ኢንተርኔት ካለ ሰዓቱ ራሱ ይስተካከል የለ?" ይላል። ሁልጊዜ አይደለም። የዊንዶውስ የሰዓት አገልግሎት በተለመደው ቅንብሩ ልዩነቱ ከ15 ሰዓት ካለፈ እርማቱን አይቀበልም፤ እንዲህ ያለ ሰፊ ልዩነት የጤና ነው ብሎ አያምንም። ባልደረባዬ ቀኑን በእጁ አስተካከለ፣ ድረ ገጾቹ ተከፈቱ፣ እያጠፋ እያስነሳ ሞከረው፣ አንዴም አልተሳሳተም። አስረከበ።

ብዙም ሳይቆዩ ተመለሱ። ጠዋት ላይ ያው ሰማያዊ ስክሪን። ባዮሱ ሲከፈት፣ ያው አይዲኢ።

"ጋሼ፣ ቤት ውስጥ ኮምፒውተር የሚነካካ ልጅ አለ እንዴ?"

"እኔና ባለቤቴ ብቻ ነን። እሷ እንኳን ልትነካው አቧራውንም አትጠርግልኝም።"

ባልደረባዬ አንገቱን ነቀነቀ እንጂ አላመናቸውም። ከእሱ አንጻር ካየነው አይፈረድበትም። ማሽኑ ሲከፈት ጥቁር ስክሪን ላይ "የሲሞስ ቅንብሩ የተሳሳተ ነው" የሚል መልእክት በእንግሊዝኛ ያወጣል (ሲሞስ የባዮሱ ቅንብር የሚቀመጥበት ማህደረ ትውስታ ነው)፤ ባልደረባዬም "አንድ ሰው ቅንብሩን አበላሽቷል" ብሎ ነው ያነበበው። ስለዚህ ሞዱን መለሰ፣ ለባዮሱም የይለፍ ቃል አበጀለት። ቃሉን ለማንም አልነገረም፤ ለእኔም ጭምር። ከዚህ በኋላ ማንም ቢሆን ገብቶ አይቀይርም።

ኮምፒውተሩ ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ ሞዱ አይዲኢ ላይ ነበር። የይለፍ ቃሉም አልነበረም።

ጉዳዩ ወደ እኔ የመጣው ያኔ ነው። "ሰውዬው የይለፍ ቃሉን ሰብረው ገብተዋል" አለኝ፤ ግማሹ ቀልድ፣ ግማሹ የምሩን። ከዚያ መቼም በዚህ ሙያ ላይ ያለን ሁላችንም አንደበት ላይ የሚመጣውን ጨመረ፦ "ፎርማት አድርጌ እንደገና ልጫነው?"

እኔ ዊንዶውስ እንደገና መጫንን አልጠላም። በቫይረስ የተበከለ ወይም ፋይሎቹ የተበላሹበት ሲስተም ላይ ሰዓት ከማባከን መጫኑ ይሻላል። ግን መጫን ምርመራ አይደለም። የስህተት መዝገቡ፣ የተቀየረው ቅንብር፣ የፋይሎቹ ቀን፣ ነገሩ እንዴት እንደሆነ የሚናገረው ሁሉ አብሮ ይጠፋል። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ዊንዶውሱ ዲስክ ላይ ነው ያለው፤ የጠፋው የይለፍ ቃል ግን ማዘርቦርዱ ላይ ነበር። ዲስኩን ከነአካቴው ነቅለን ብንጥለው እንኳ ያ የይለፍ ቃል መኖር ነበረበት። ስለዚህ ዊንዶውሱ የፈለገውን ያህል ቢበላሽ ይህን ሊያደርግ አይችልም።

ደግሞ ቃሉን ሳያውቅ የይለፍ ቃል የሚያጠፋ አንድ ነገር አውቃለሁ፤ እሱም ኤሌክትሪክ ማጣት ነው።

ሰውዬውን ወንበር ሰጥቼ አስቀመጥኳቸው። "ጋሼ፣ ማታ ከሚዘጉት ሰዓት ጀምሮ ጠዋት እስኪነሣ ድረስ የሚያደርጉትን አንድ በአንድ ይንገሩኝ። ይቺ ምን አላት ብለው የሚተዉት ነገር አይኑር።"

የሒሳብ ሰው ናቸውና በቅደም ተከተል ነገሩኝ። ማታ ሹት ዳውን ያደርጋሉ። እስኪጠፋ ይጠብቃሉ። ከዚያ ሶኬቱን ከግድግዳው ይነቅላሉ፤ ሌሊት ኃይል ሄዶ ሲመለስ ዕቃ ያቃጥላል ብለው ነው። ጠዋት ይሰካሉ፣ ያበራሉ። ጥቁር ስክሪን ይመጣል፣ ኤፍ 1 ወይም ኤፍ 2 ተጫን ይላል። "እኔ ሁለተኛውን ነው የምጫነው። 'ቀጥል' የሚለው እሱ ነዋ።"

ባልደረባዬና እኔ ተያየን። ያ መስመር ሙሉውን ሲነበብ "መነሻ ቅንብሩን ጭነህ ቀጥል" ነው የሚለው። ኤኤችሲአዩን ወደ አይዲኢ የሚመልሱት በየጠዋቱ ራሳቸው ነበሩ፤ ማሽኑ ራሱ ጠይቋቸው፣ በቅንነት።

"ይህ መልእክት የጀመረው ዊንዶውሱ ከተቀየረ በኋላ ነው?"

"ኧረ የለም፣ የቆየ ነው። ድሮም ይላል። ቀኑንም ያን ጊዜ በየጠዋቱ የማስተካክለው እኔ ነበርኩ።"

"ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልነገሩንም?"

"እናንተ የጠየቃችሁኝ ከዊንዶውሱ ወዲህ የመጣውን ነዋ።"

ልክ ናቸው። እኛ ጠበብ አድርገን ጠየቅን፣ እሳቸውም በጠየቅናቸው ልክ መለሱ። ሞዱን መልሰን ዊንዶውሱን ካስነሣን በኋላ የደብዳቤ ፎልደራቸውን በቀን ቅደም ተከተል ደረደርነው። መሐሉ ላይ ያሉት ደብዳቤዎች ተራቸውን ጠብቀዋል። ግርጌ ላይ ግን ጃንዋሪ 2012 የሚል ቀን የያዙ ፋይሎች ተከምረዋል፤ የአንዱ ስም የቅርብ ጊዜ የቤት ጥገና ክፍያን የሚመለከት ነው። ቀኑን ማስተካከል የረሱባቸው ጠዋቶች ናቸው። ፋይሎቹ ከአሮጌው ሃርድ ዲስክ ሲገለበጡ ቀናቸውን ይዘው ነው የመጡት፤ ስለዚህ ሕመሙ ከአዲሱ ዊንዶውስ እንደሚቀድም በጽሑፍ አረጋገጡልን።

ሳጥኑን ከፈትነው። ማዘርቦርዱ ላይ ከግራፊክስ ካርዱ ሥር ተደብቆ ሲአር 2032 የሚባለው ክብ ባትሪ አለ፤ ስፋቱ 20 ሚሊሜትር፣ ውፍረቱ 3.2። አዲስ ሲሆን 3 ቮልት ይሰጣል። ቴስተሩ ሲነካው 2 እንኳ አልሞላም። ሥራው ሰዓቱ እንዳይቆምና ቅንብሩ እንዳይጠፋ ማድረግ ብቻ ነው፤ በእንደዚህ ዓይነቱ የቆየ ማዘርቦርድ ላይ የባዮሱ የይለፍ ቃልም የሚኖረው እዚያው ሲሞስ ውስጥ ነው። ሶኬቱ እስከተሰካ ድረስ ኮምፒውተሩ ቢጠፋም ፓወር ሰፕላዩ 5 ቮልት መጠባበቂያ ኃይል መላኩን አያቋርጥም፣ ሲሞሱም ከዚያ ይቀለባል፤ ባትሪው ያርፋል። ሶኬቱ ሲነቀል ሸክሙ በሙሉ ባትሪው ላይ ይወድቃል። ይህኛው ከጥገና ክፍሉ እስከ ቤት ድረስ ያለውን መንገድ ይችላል፤ ሌሊቱን ግን አይችልም። ባልደረባዬ ቀኑን ሙሉ ሲያስነሳና ሲያጠፋ አንዴ እንኳ ያልተበላሸበት ምክንያት ይኸው ነው፤ እኛ ጋ ሶኬት የሚነቅል ሰው የለም።

ታዲያ ችግሩ የቆየ ከሆነ ለምን አዲሱን ዊንዶውስ ጠበቀ? አልጠበቀም። አሮጌው ዊንዶውስ የተጫነው መነሻው ላይ፣ ማለትም አይዲኢ ላይ ሆኖ ነው። ባትሪው በየሌሊቱ ሲከዳ ቅንብሩ የሚመለሰው አሮጌው ዊንዶውስ ወደሚፈልገው ቦታ ስለነበር ከቀኑ በቀር የሚታይ ነገር የለም። ኤስኤስዲውን የገጠመው ሰው ሥራውን በወጉ በመሥራቱ ኮምፒውተሩን የባትሪው ጥገኛ አደረገው።

እኔን ይበልጥ ያስገረመኝ ግን ሌላው ነው። የባልደረባዬን ሐሳብ ተቀብለን ፎርማት አድርገን ብንጭነው ኖሮ "ይድን" ነበር። ሞዱ ጠዋት አይዲኢ ላይ ስለሚገኝ ዊንዶውሱም አይዲኢ ላይ ይጫናል፣ ከዚያ በኋላ ሰማያዊ ስክሪን አይታይም። ሰውዬው አመስግነውን ይሄዳሉ፣ ኤስኤስዲያቸው ከሚችለው በታች ይሠራል፣ ድረ ገጾች በየጠዋቱ አልከፈትም ይላሉ፣ እኛም የዊንዶውስ ችግር ነበር ብለን መዝገብ ላይ እንጽፋለን። እንዲህ ተብለው የተጻፉ ስንት ጥገናዎች እንዳሉ ሳስብ አንዳንዴ ይከነክነኛል።

ባትሪውን ባልደረባዬ ራሱ ቀየረው፤ የጎን መያዣዋን በጥፍሩ ገፋ አድርጎ አሮጌውን አወጣ፣ አዲሱን የመደመር ምልክቱ ወደ ላይ እንዲሆን አድርጎ አስገባ። ቀኑን አስተካከለ፣ ኤኤችሲአይ መረጠ፣ ሆን ብሎም የይለፍ ቃሉን መልሶ አስቀመጠ። ከዚያ ሶኬቱን ነቅለን አሳደርነው። ጠዋት ሲበራ ጥቁሩ መልእክት አልመጣም፤ ባዮሱ ውስጥ ልግባ ስንል የይለፍ ቃል ጠየቀን።

ሊወስዱት ሲመጡ የይለፍ ቃሉን አንሥቶ አስረከባቸው። እሳቸውም አንድ ጥያቄ ነበራቸው።

"እንግዲህ ማታ ማታ ሶኬቱን መንቀል ልተው?"

"ይንቀሉ እንጂ ጋሼ፣ ባትሪዋ የተቀመጠችው ለዚያ ነው። ከዓመታት በኋላ ቀኑ ወደኋላ ከሄደ ግን ቀኑን አያስተካክሉ፤ በቀጥታ ወደኛ ይደውሉ።"

"ኤፍ 2ንስ?"

"እሱንም አይንኩት" አለ ባልደረባዬ።