ከነርሲንግ ሆም ወደ ተሳቢ

ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግና አካባቢዋ ያለን ሐበሾች ሥራችን አስቀድሞ ይታወቃል። ፓርኪንግ፣ ኡበር፣ ሆቴል፣ ነርሲንግ ሆም። እኔ ነርሲንግ ሆም ነበርኩ። ሲ.ኤን.ኤ.፣ ማለትም የነርስ ረዳት ሆኜ ጀመርኩ፣ ከሥራ መልስ እየተማርኩ ኤል.ፒ.ኤን.፣ ማለትም ፈቃድ ያለው ነርስ ሆንኩ፣ ከዚያ ብዙ ዓመት የመድኃኒት ጋሪ ገፋሁ። አሁን በከባድ መኪና 53 ጫማ ተሳቢ እጎትታለሁ።

«ምን ነክቶህ ተውከው?» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። ግማሹ ለራሱም እያሰበ ስለሆነ ነው የሚጠይቀኝ። ግማሹ አብጄ እንደሆነ ለማጣራት ነው። ለሁለቱም አንድ ላይ ልመልስ።

ነርሲንግ ሆም ሲባል ሰው ትዝ የሚለው ሽማግሌ ማጠብና ማገላበጥ ነው። ሽማግሌዎቹ ምንም አላሉኝም፤ እንዲያውም ይናፍቁኛል። እኔን የጨረሰኝ ሥራው የማያልቅ መሆኑ ነው። ሺፍቴ በፈረንጅ ሰዓት ከ3 እስከ 11 ነበር። አንድ ነርስ፣ ከ30 የማያንስ ሰው። የማታውን መድኃኒት ሰጥቼ ሳልጨርስ አንዱ ይወድቃል። የወደቀ ሰው ማለት ግፊት መለካት፣ ጭንቅላቱን መትቶት እንደሆነ በየ15 ደቂቃው ማየት፣ ለሐኪም መደወል፣ ለቤተሰብ መደወል፣ ሪፖርት መጻፍ ነው። ይህ ሁሉ ሲሆን ኮል ላይቱ፣ በሽተኞቹ ነርስ የሚጠሩበት ደወል፣ ይጮኻል። «ስቴት ሊገባ ነው»፣ ማለትም የክልሉ መንግሥት ተቆጣጣሪዎች ሊመጡ ነው የተባለ ሳምንትማ አለቆቹ ራሳቸው ሰው መምሰል ያቆማሉ።

ከሁሉ የሚከፋው ግን መውጫ ሰዓት ላይ ያለው ነው። ከሚተካህ ነርስ ጋር ቆመህ የተቆለፈውን መሳቢያ ትከፍታለህ። ኦክሲኮዶኑን፣ ሞርፊኑን፣ አቲቫኑን ፍሬ በፍሬ ትቆጥራላችሁ። ሁለታችሁም ትፈርማላችሁ። ቁልፉን ታስረክባለህ። ተረኛው ካልመጣስ? ቁልፉ አንተው ኪስ ውስጥ ይቀራል። ጥለህ ብትወጣ በሽተኛ ጥሎ እንደመሄድ ይቆጠራል፤ ፈቃድህን ሊያስነጥቅህ ይችላል። ሱፐርቫይዘሯ ትደውላለች፣ «እባክህ፣ ሰው እስካገኝ ብቻ» ትላለች። ሰው የሚገኘው ጠዋት 7 ሰዓት ላይ ነው። ሁለት ሺፍት በተከታታይ መሆኑ ነው፣ ደብል ይሉታል። ገንዘቡ ጥሩ ነው፣ አልዋሽም። ግን ቤቴ ገብቼ ሻወር ውስጥ ሆኜም ኮል ላይት ይሰማኝ ጀመር። ልጄ «ባባ» ስትለኝ ልቤ ድው ይላል። ሐኪሜም ግፊትህ ወጥቷል አለችኝ።

በዚህ መሃል ነው አንድ የቤተ ክርስቲያን ጓደኛዬ መኪናውን ሊያሳየኝ ሄገርስታውን ድረስ የወሰደኝ። ከባድ መኪና ውስጥ ገብቼ አላውቅም ነበር። ከሹፌሩ ወንበር ጀርባ አልጋ አለ፣ ትንሽ ፍሪጅ አለ፣ ማይክሮዌቭ አለ፣ ከላይ የቅዱስ ገብርኤል ሥዕል ተለጥፏል። ሁሉንም ካሳየኝ በኋላ ስለ ሰዓቱ አጫወተኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የከባድ መኪና ሹፌር የሥራ ሰዓት በፌዴራል ሕግ የተገደበ ነው። 10 ሰዓት በተከታታይ ካረፍክ በኋላ ቀንህ ይጀምራል። ከዚያ 14 ሰዓት አለህ፤ በ14ቱ ውስጥ መንዳት የምትችለው 11 ሰዓት ብቻ ነው። 8 ሰዓት ከነዳህ ቢያንስ 30 ደቂቃ ታቆማለህ። በ8 ቀን ውስጥ 70 ሰዓት ከሞላህ ደግሞ እስክታርፍ መንዳት የለም። ድሮ ይህ ሁሉ በወረቀት ይሞላ ስለነበር ማጭበርበር ቀላል ነበር። ከዲሴምበር 2017 ወዲህ ግን አብዛኛው መኪና ላይ ከሞተሩ ጋር የተያያዘ መሣሪያ አለ፣ ኢ.ኤል.ዲ. ይባላል። ጎማው ሲዞር እሱ ይቆጥራል።

ጓደኛዬ ስለ ገንዘቡም ስለ መንገዱም ብዙ አወራኝ። እኔ ጆሮ ውስጥ የቀረው አንድ ነገር ነው፤ ሰዓትህ ሲያልቅ ማንም «እባክህ ትንሽ ጨምርልኝ» ሊልህ አይችልም። ቢልህም እምቢ ስትል ሕጉ ካንተ ጋር ነው።

ቤት ስናገር ባለቤቴ መጀመሪያ ዝም አለች። ከዚያ፣ «ሌሊት ከምትጠፋበት ሆም ሳምንት የምትጠፋበት መኪና ይሻላል ነው የምትለኝ?» አለችኝ። እውነቷን ነው። እናቴ ደግሞ በስልክ፣ «ልጄ፣ ሹፌር ልትሆን ነው እንዴ አሜሪካ የሄድከው?» አለች። እማዬ የከባድ መኪና ሹፌር ሲባል የሚታያት የድሮው የአሰብ መንገድ ነው፤ ሙቀቱ፣ ገደሉ፣ በየከተማው የሚቀመጠው ውሽማ። እህቴ ከጎኗ ሆና ስትስቅ ይሰማኛል። ቤተ ክርስቲያን ያሉ አንድ ጋሼም ጠርተው መከሩኝ። «ነርስ የተከበረ ሙያ ነው፤ ሰው ወደዚያ ይሮጣል፣ አንተ ከዚያ ትሮጣለህ» አሉኝ። ምን ይባላል? «እሺ ጋሼ» ብዬ አለፍኩ።

ባለቤቴን ያሳመናት የእኔ ምላስ አይደለም፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ነው። የቤት ኪራይ፣ የመኪና ዕዳ፣ አገር ቤት የምንልከው፣ ለመንጃ ማሠልጠኛው የሚከፈለው ጥቂት ሺህ ዶላር። ሁሉንም ደረደርነው። ከሁሉ ያስፈራን የጤና ኢንሹራንሱ ነበር፤ የመላው ቤተሰብ በእኔ ሥራ ነበርና። ለካ ሥራ ለቀህ ኢንሹራንስህ ሲቋረጥ የባለቤትህ መሥሪያ ቤት የምዝገባ ወቅት ባይሆንም ይቀበልሃል፤ ግን በ30 ቀን ውስጥ መጠየቅ አለባችሁ። ወደ እሷ ሥራ አዞርነው። እኔም ጨርቄን ማቄን ሳልል አልወጣሁም። መጀመሪያ ወደ ፒ.አር.ኤን. ተቀየርኩ፣ ማለትም ሲመቸኝ ብቻ የምገባበት። በዚያው ሳምንት የትከሻዬ ግማሽ ቀለለኝ።

ትምህርቱ። በቅድሚያ የዲ.ኦ.ቲ.፣ ማለትም የፌዴራሉ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት የሚጠይቀው የጤና ምርመራ አለ። ግፊትህ ከ140 በ90 በታች ከሆነ የ2 ዓመት ካርድ ታገኛለህ። የእኔ ስላለፈ የ1 ዓመት ብቻ ሰጡኝ። ከዚያ የጽሑፍ ፈተናው፤ ጠቅላላ ዕውቀት፣ ተሳቢ፣ ኤር ብሬክ። ፐርሚት፣ ማለትም የመለማመጃ ፈቃድ ከያዝክ 14 ቀን ሳይሞላህ የመንዳት ፈተና አትቀመጥም። ከፌብሩዋሪ 2022 ጀምሮ ደግሞ በፌዴራል ከተመዘገበ ማሠልጠኛ ካልወጣህ ጭራሽ አይፈትኑህም። ዘመድ አለማምዶህ ዘው ብሎ መፈተን ቀርቷል።

እኔን ያስጨነቀኝ ኤር ብሬኩ፣ በአየር ግፊት የሚሠራው ፍሬን ነው። ሞተሩን አጥፍተህ ፍሬኑን ረግጠህ ትይዛለህ፣ አንድ ደቂቃ ሙሉ የአየር ግፊቱ ጌጅ ላይ ታፈጣለህ። ተሳቢ ካለው አየሩ ከ4 ፒ.ኤስ.አይ. (የግፊት መለኪያ ነው) በላይ መውረድ የለበትም። ቀጥሎ ፔዳሉን እየደጋገምክ ትረግጣለህ። 60 አካባቢ ሲደርስ ማስጠንቀቂያው ይጮኻል። ከ45 እስከ 20 ባለው ውስጥ የመኪናውና የተሳቢው ማቆሚያ ፍሬን የሆኑት ቢጫውና ቀዩ ቁልፍ ራሳቸው ጧ ብለው ይወጣሉ። ይህን ሁሉ ለፈታኙ አፍ አውጥተህ እየተናገርክ ነው የምታደርገው። ነርስነቴ እዚህ ላይ ጠቀመኝ። ቅደም ተከተል ሳላዛንፍ መሥራት የለመድኩት ነገር ነው።

ወደ ኋላ መንዳቱ ግን ለማንም አይራራም። መሪውን ወደ ቀኝ ስትጠመዝዝ ተሳቢው ወደ ግራ ይሄዳል። አገር ቤት ቢሆን ረዳት ወርዶ «ና፣ ና፣ ና፣ በቃ!» እያለ ጎኑን ይደበድብልሃል። እዚህ ረዳት የለም፤ ራስህ ወርደህ አይተህ ትመለሳለህ። ብቻዬን መንዳት እንደጀመርኩ አንድ ማታ ዝናብ ላይ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ፣ በሁለት ከባድ መኪና መሃል የቀረች አንዲት ማቆሚያ ቦታ አገኘሁ። ጋቢናዬን ከፍቼ እወርዳለሁ፣ አያለሁ፣ እወጣለሁ፣ ግማሽ ሜትር እገፋለሁ፣ እንደገና እወርዳለሁ። በግራ በኩል ያለው ሹፌር መጋረጃውን ገለጥ አድርጎ አየኝና ቁምጣውን እንደለበሰ ወረደ። ፊቱ አልተፈታም፣ «ምን ነካህ» ሊለኝ ነው ብዬ ነበር። የእጅ ባትሪውን አብርቶ ጥጉ ላይ ቆመና እየጠቆመ አስገባኝ። ስሜንም አልጠየቀኝ። ተመልሶ ተኛ።

ሕጉ የሚፈቅደው ትልቁ ክብደት 80,000 ፓውንድ ነው። በእኛ ሲሰላ መኪናውን ጨምሮ 360 ኩንታል ገደማ። ይህን ይዘህ በ77 ቁጥር አውራ ጎዳና ፋንሲ ጋፕ ከሚባለው ተራራ በጉም ስትወርድ የምትጸልየው ጸሎት ለየት ይላል። ጭንቀት የለም የሚል ካለ ዋሽቷል ማለት ነው። የእኔ የሚለየው ማለቂያ ስላለው ነው። ቢጫውንና ቀዩን ቁልፍ ስቦ ያወጣ ሰው ያን ቀን ማንም ምንም አይፈልግበትም። መጋረጃ እዘጋለሁ፣ ድርቆሼን አወጣለሁ። ባለቤቴ በርበሬና ቅቤውን ቀድማ አቁላልታ በብልቃጥ ትሰጠኛለች፣ በጾም ደግሞ በዘይት። ከነዳጅ ማደያው የቡና ማሽን ፈላ ያለ ውኃ አመጣለሁ፣ ድርቆሹ ላይ አፈሳለሁ፣ ክዳኑን ለጥቂት ደቂቃ እጫናለሁ። መኪናው ፍርፍር ፍርፍር ሲሸት ያድራል።

መጥፎውንም ልንገራችሁ፣ ነገ «አላልከንም» እንዳትሉኝ። የምትከፈለው በማይል ስለሆነ መጋዘን በር ላይ ስትጠብቅ የምትውለው ሰዓት ብዙ ጊዜ ሜዳ ላይ ይቀራል፤ 14ቱ ሰዓት ግን አይጠብቅህም፣ ይሮጣል። ከመሸ በኋላ ማቆሚያ ማግኘት ሌላ ጣጣ ነው። ዴንቨር በሄድኩ ቁጥር አውሮራ ያሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች ያምሩኛል፤ ግን 53 ጫማ ይዘህ የት ልታቆም? በሩቁ ማለፍ ነው። ግፊቴ ወርዷል፣ ቦርጬ ወጥቷል። የልጄን የትምህርት ቤት ዝግጅት በስልክ ነው ያየሁት፤ ይህን ማካካሻ አላገኘሁለትም።

ሌላው ወጥመድ «መኪናው የራስህ ይሆናል» የሚለው ውል ነው። ኩባንያው መኪና ያከራይሃል፣ ከደመወዝህ በየሳምንቱ ይቆርጣል፣ ጭነት የሚሰጥህም እሱው ነው። ጭነት ቢቀንስ ቆረጣው አይቀንስም። ብዙ ልጆች ዕዳ ይዘው ባዶ እጃቸውን ወጥተዋል። የፌዴራል መንግሥት ያቋቋመው ግብረ ኃይል ራሱ በ2025 መጀመሪያ ላይ እንዲህ ያለው ውል ይታገድ ብሏል። እኔ ተቀጥሬ ነው የምነዳው፣ ገና አልቸኮልኩም።

ወረቀትህንም እይ። ከጁን 25 ቀን 2025 ጀምሮ ተቆጣጣሪ አስቁሞህ በእንግሊዝኛ መግባባት ካቃተህ እዚያው ከመንዳት ያግድሃል። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር መጨረሻ ላይ ደግሞ ዜግነትም ግሪን ካርድም ሳይኖራቸው በሥራ ፈቃድ ለሚኖሩ፣ ጥገኝነት ጠይቀው መልስ የሚጠብቁትን ጨምሮ፣ የከባድ መንጃ ፈቃዱን በእጅጉ የሚያጠብ ደንብ ወጥቶ ፍርድ ቤት ድረስ አከራክሯል። ስለዚህ ለማሠልጠኛ ከመክፈልህ በፊት ኤም.ቪ.ኤ.፣ የሜሪላንድ መንጃ ፈቃድ ሰጪ መሥሪያ ቤት ሄደህ ያንተ ወረቀት ምን እንደሚያስገኝልህ ጠይቅ። ማሠልጠኛው ገንዘብህን ይቀበላል፣ የመኖሪያ ወረቀትህ አያስጨንቀውም።

የነርስ ፈቃዴን እያሳደስኩ ነው። ባለቤቴ ናት ያዘዘችኝ፣ እኔም ደስ ብሎኝ ነው የምከፍለው።

ባለፈው ድሮ ነርሲንግ ሆሙ ውስጥ አብሮኝ ይሠራ የነበረ ልጅ ደወለ። እንደኔው ደብል ላይ ነበር፣ ከኋላው ኮል ላይቱ ይሰማል። «ስንት ነው የሚከፍሉት?» ብሎ ጀመረ። ገንዘቡን ተወውና ግፊትህን ተለካ፣ ከዚያ የሜሪላንድን የሲ.ዲ.ኤል.፣ የከባድ መንጃ ፈቃድ መጽሐፍ በነፃ አውርደህ አንብብ፣ ከሰለቸህ ምንም አልከሰርክም አልኩት። አሁን ኤር ብሬክ ምዕራፍ ላይ ደርሷል። በእረፍቱ ሰዓት እየደወለ ይጠይቀኛል።