ትንሿ ትራክተሬና የደንቢያ ዋልካ

25 የፈረስ ጉልበት ያላት ባለ ሦስት ሲሊንደር ትራክተር አለችኝ። የማርስባት ከጎንደር በታች፣ በደንቢያ ሜዳ ነው። ሊገዙ ያሰቡ ሰዎች ሲያገኙኝ "ታስተማምናለች ወይ?" ይሉኛል። አዎ፣ ታስተማምናለች። ሞተሯ አስቸግሮኝ አያውቅም። ያስቸገረኝ ናፍጣና አቧራ ነው።

ማደያው ሰልፍ ሲበዛበት ናፍጣ በጀሪካን እንገዛለን። ጀሪካን ደግሞ ውሃና ዝቃጭ አያጣም። አንድ ቀን ማሳ መሃል ጉልበቷ ወረደ፣ ጭሷ ነጣ፣ ከዚያ ጠፋች። አዘዞ ላለው መካኒክ ደወልኩ። "ጋሼ፣ የናፍጣ መርጫ ፖምፓውን እንዳይነኩት! መጀመሪያ የናፍጣ ፊልትሮውን ይፍቱ" አለኝ። ስፈታው ከሥሩ ውሃ ተንዠቀዠቀ። አዲስ ፊልትሮ ገጥሜ ከመስመሩ አየሩን ሳስወጣ ወዲያው ተነሳች። ያ ልጅ የፖምፓ ወጪ አዳነኝ፤ እግዜር ይስጠው። አሁን ጀሪካኑን ሳልነቀንቅ አሳድረዋለሁ፣ በወንፊት እቀዳለሁ፣ የታችኛውን እተወዋለሁ። ታንከሯንም ማታ ሞልቼ ነው የማሳድራት። ባዶ ካደረች በብርዱ ጤዛ ትይዛለች።

የጤፍ ውቂያ ሲደርስ ጣጣው ሌላ ነው። እብቁ የራዲያተሩን ወንፊት ይደፍነዋል፤ ሙቀት ጠቋሚው ሽቅብ ይላል። ያኔ አጥፍቼ፣ እስክትቀዘቅዝ ጠብቄ በብሩሽ እጠርገዋለሁ። በኃይለኛ ውሃ መምታት ስስ ክንፎቹን ያጣጥፋል። የአየር ፊልትሮውን በየጠዋቱ አያለሁ። የውስጠኛው ግን አይታጠብም፣ ይቀየራል እንጂ።

ሻጭ የማይነግራችሁን ልንገራችሁ። ቱርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተር የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር በየ300 ሜትር ከፍታው 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። የጣና ዳርቻ 1,800 ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ የኔዋ 25 እዚህ 20 ቢሆን ነው። ባለ ሁለት ዲስክ ማረሻ ይበቃታል፤ ሦስት ማሰር ግፍ ነው። ዋልካው፣ ጥቁሩ ሸክላማ አፈር፣ ውሃ ጠጥቶ ሲያብጥም አልገባም። ጎማው ይሽከረከራል፣ ፍሪሲዮኑ (ክላቹ) ይቃጠላል። ጠፈፍ እስኪል መታገስ ይሻላል።

ከመግዛቴ በፊት ጎንደር ያሉትን የመለዋወጫ ሱቆች ዞሬ ነበር። የናፍጣ፣ የዘይትና የአየር ፊልትሮ፣ የቬንትሌተር ቺንጊያ፣ የፍሪሲዮን ሸራ አለ ወይ ብዬ ጠየቅኩ። አንድ ቆንጆ ትራክተር የተውኩት በዚህ ነው፤ ፊልትሮዋ ከአዲስ አበባ ካልታዘዘ አይገኝም አሉኝ።