በእርሳስ የተጻፈ ዕቅድ

ዛሬ የእህቴ ልጅ የፖለቲካ ሳይንስ የመጀመሪያ ዲግሪዋን የኮርስ ዕቅድ በአንድ ወረቀት ላይ በእርሳስ አስፍራ አሳየችኝ። ዓለም አቀፍ ግንኙነትን በየሴሚስተሩ ደርድራዋለች፤ የምርምር ዘዴንና ስታቲስቲክስን ግን ከታች ጥግ ላይ፣ በመጨረሻው ሴሚስተር፣ ከሌላው ጽሑፍ ባነሱ ፊደላት አስቀምጣቸዋለች።

«አክስቴ፣ ይህን ትምህርት የመረጥኩት እኮ ሒሳብ ሸሽቼ ነው» አለችኝ።

«ታዲያ የመመረቂያ ጽሑፍሽን በምን ልትሠሪው ነው?» ስላት ዝም አለች። የመራጮችን ባህሪ የሚያጠና ሰው ናሙናው እንዴት እንደተመረጠ ሳይመረምር በመጠይቅ የሰበሰበውን መልስ ሊያምን እንደማይገባው፣ ሁለት ነገሮች አብረው መታየታቸውም ብቻውን አንዱ የሌላው መንስኤ ለመሆኑ ማረጋገጫ እንደማይሆን አስረዳኋት። ላጲሷን አንስታ ሁለቱን ኮርሶች ወደ ሁለተኛው ዓመት አዛወረቻቸው፤ የተፋቀው ቦታ ግራጫ ሆኖ ቀረ።

የፖለቲካ ሳይንስን የንግግርና የክርክር ሙያ ብቻ አድርገን ለልጆቻችን የምንነግር እኛ ትልልቆቹ ነን፤ ይህ ደግሞ ከልብ ያሳዝነኛል። የፖለቲካ ፍልስፍና እንኳ፣ ቁጥር ባይጠይቅም፣ አንድን ጽሑፍ ደጋግሞ አንብቦ መከራከሪያውን መፈተሽን ይጠይቃል።

ግራጫው ቦታ ላይ ምን እንደምታስገባ ስጠይቃት ትንሽ አሰበችና «ንጽጽራዊ ፖለቲካ» ብላ ጻፈች፤ በዚህኛው ጊዜ ፊደሎቹ ትልልቅ ነበሩ።