የመገናኛ ሰልፍ

ዛሬ ማታ መገናኛ የታክሲ ሰልፉ አስፋልት ደርሷል። ዝናቡም አላባራ አለ። ሰው ሁሉ ተማሮ ተራ አስከባሪው ላይ ይጮኻል። ከፊቴ የነበሩ እናት ግን ተራቸው ሲደርስ ዞር ብለው ከኋላ ልጅ ያዘለችውን ወጣት «ነይ ልጄ፣ አንቺ ግቢ» አሏትና በሷ ቦታ ቆሙ። ነጠላቸው ርሶ ትከሻቸው ላይ ተጣብቋል፤ እሳቸው ግን እጃቸው ላይ ያለውን ጧፍ በፌስታል ሸፍነው ከዝናብ ይከልላሉ። «እማማ አይበርድዎትም?» አልኳቸው።

«ይበርዳል እንጂ። ሕፃኑን ግን ይብስበታል።»

ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች «ፍቅር ይታገሣል፥ ቸርነትንም ያደርጋል» ብሎ ሲጽፍ ሁለቱን ጎን ለጎን ነው ያስቀመጣቸው። መታገሡንስ ሰልፍ ያስተምረናል፣ ምርጫም የለን። የሚከብደው ቸርነቱ ነው፣ በተለይ ሲመሽ፣ ሲርብና ጫማ ውስጥ ውሃ ሲገባ።