ሲሎሲን አንጎል ውስጥ ምን ይሠራል?

ስለ ቅዠት አምጪ እንጉዳዮች ሲወራ አንዱ «አንጎልን ያነቃዋል» ይላል፣ ሌላው «ያደነዝዘዋል»። ሁለቱም አልገባቸውም። ከእንጉዳዩ የሚገኘው ሲሎሲን የተባለ ንጥረ ነገር የሚያደርገው ምት ማፋለስ ነው፦ እንደ እስክስታ ጨዋታ አብረው ይመቱ የነበሩ የነርቭ ሴሎች እያንዳንዳቸው በየፊናቸው ይመታሉ።

እንጉዳዩ ውስጥ ያለው ሲሎሳይቢን ራሱ አንጎል ላይ እምብዛም አይሠራም። አንጀትና ጉበት ውስጥ ያሉ ኢንዛይሞች የተያያዘበትን ፎስፌት የሚባል ክፍል ሲቆርጡለት ሲሎሲን ይሆናል፤ አንጎል የሚደርሰው እሱ ነው። ስሜቱ ከ20 እስከ 40 ደቂቃ ቆይቶ ይጀምራል፣ በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይበረታል፣ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ውስጥ ይለቃል።

ሲሎሲን ቅርጹ የነርቭ ሴሎች መልእክት የሚለዋወጡበትን ሴሮቶኒንን ስለሚመስል፣ ሴሎቹ ላይ ባሉት የሴሮቶኒን ተቀባዮች ላይ ይቀመጣል። ዋናው «2ኤ» የሚባለው ተቀባይ መሆኑ የታወቀው በ1998 ዙሪክ ውስጥ በእነ ፍራንዝ ቮለንቫይደር ሙከራ ነው። 2ኤን የሚዘጋውን ኬታንሰሪን የተባለ መድኃኒት አስቀድመው የወሰዱ ሰዎች ሲሎሳይቢን ቢሰጣቸውም ቅዠቱ አልመጣባቸውም። ሌላውን የአንጎል መልእክተኛ ዶፓሚንን የሚዘጋው የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ሃሎፔሪዶል ግን አላስቆመውም። (ሃሎፔሪዶል ለቅዠት ሁሉ መድኃኒት ለሚመስላቸው ይህ ይነገርልኝ።)

2ኤ በብዛት የሚገኘው በአንጎል ቅርፊት አምስተኛ ንብርብር ላይ ባሉ ትልልቅ ሴሎች ነው። እነዚህ ከቅርፊቱ ወደ ሌላው የአንጎል ክፍል መልእክት የሚልኩ ናቸው፤ ስለዚህ እነሱ ሲነኩ ብዙ ነገር አብሮ ይነካል። በ2024 ሴንት ሉዊስ ላይ የወጣው ጥናት ይህን በምስል አሳየ። ተሳታፊዎቹ 7 ብቻ ናቸው፣ ግን እያንዳንዳቸው ደጋግመው ኤምአርአይ ተነሥተዋል፤ የወሰዱትም 25 ሚሊግራም ነው። ከሁሉ በላይ ምቱ የተፋለሰው፣ ሰው ሥራ ፈትቶ ስለራሱ ሲያስብ፣ ያለፈውን ሲያመነዥክ የሚሠራው የአንጎል መረብ ነው። «እኔ» የሚለው ስሜት የሚሟሟው ለዚህ ይመስለኛል። አብዛኛው ለውጥ ቶሎ ተመልሷል፤ ይህ መረብ ለትውስታ ከሚያገለግለው የአንጎል ክፍል፣ ከሂፖካምፐስ ጋር ያለው ትስስር ግን ለሳምንታት ላልቶ ቆይቷል።

ሕክምናውን ያስመኘው ይህ መላላት ነው። በ2022 በወጣው ሙከራ መድኃኒት አልበግር ያላቸው 233 የድባቴ ሕመምተኞች ተሳትፈው፣ 25 ሚሊግራም የወሰዱት በ3ኛው ሳምንት 1 ሚሊግራም ከወሰዱት የተሻለ ለውጥ አሳይተዋል። ተስፋ ሰጪ ነው፤ ፈውስ ለማለት ግን ገና ነው። ደግሞም ባለሙያ አጠገባቸው ተቀምጦ፣ የተመዘነ መድኃኒት ተሰጥቷቸው ነው።

ጉዳቱ በብዛት ከዚህ ሥርዓት ውጭ ይመጣል። ራሱ ወይም ቤተሰቡ ስኪዞፍሬኒያ ወይም ባይፖላር ያለበት ሰው ከሙከራዎቹ የሚገለለው የአእምሮ ሕመሙ እንዳይቀሰቀስ ነው። ለባይፖላር የሚሰጠውን ሊቲየም እየወሰዱ ሲሎሳይቢን በተጠቀሙ ሰዎች ላይ የሚጥል መንቀጥቀጥ ተመዝግቧል። ሴሮቶኒንን የሚነኩ የድባቴ መድኃኒቶች ደግሞ ስሜቱን ሊያደበዝዙ ይችላሉ፤ ያኔ ሰው «አልሠራም» ብሎ ይደግማል፣ ወይም መድኃኒቱን በድንገት ያቆማል፤ ሁለቱም መጥፎ ናቸው።

ከጫካ የተለቀመ እንጉዳይ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ጋለሪና የሚባለው ትንሽ ቡናማ እንጉዳይ ከእነዚህ ጋር ይመሳሰላል፤ ያለበትን አማቶክሲን የተባለ መርዝ መቀቀልም ማድረቅም አያጠፋውም። በተለምዶ ከ6 ሰዓት በላይ ቆይቶ ትውከትና ተቅማጥ ይጀምራል፣ ከዚያ ጋብ ይላል፣ በሽተኛውም ዳንኩ ብሎ ይተኛል። ጉበቱ የሚጎዳው በዚያው ጊዜ ነው።